የእትዬ የውብዳር ማንኪያ

መርዶው የደረሰኝ አርብ ገበያ ከተማ፣ ክፍል ውስጥ ነው። የገበያ ቀን ስለ ነበር የአህያው ጩኸት በመስኮት እየገባ፣ እኔም ከአህያው በላይ እየጮኽሁ፣ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ቅጽል አስተምር ነበር። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረኝ። ክፍል ውስጥ ስልክ አላነሣም፤ የእትዬ የውብዳርን ልጅ፣ የምሕረትን ስም ሳይ ግን ጠመኔውን አስቀምጬ ወጣሁ።

«ጋሼ ይርጋ፣ እማዬ አረፈች» አለችኝ።

«ስንት ሰዓት ላይ?» አልኋት።

ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲነገረው ወይ ይጮኻል፣ ወይ ያገኘው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። እኔ ሰዓት ጠየቅሁ። ምሕረት ደግ ልጅ ናትና ሰዓቱን ነገረችኝ። «አመሰግናለሁ» ብዬ ዘጋሁት። አመሰግናለሁ! ከዚያ ወደ ክፍል ተመልሼ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው፣ ለምሳሌ እንዲሆን ሰሌዳው ላይ «ብልህ፣ ቁጡ፣ ደግ» ብዬ ጻፍሁ። ሦስተኛውን ስጨርስ ጠመኔውን ጣልሁት። ተማሪዎቹን አሰናበትሁና መኪና ፍለጋ ወጣሁ።

እትዬ የውብዳር ንፋስ መውጫ አብረን ስናስተምር የሒሳብ መምህር ነበሩ። ትውልዳቸው እስቴ ነው። አባታቸው መሪጌታ ስለ ነበሩ ገና በልጅነታቸው ፊደልን ከፊት ወደ ኋላም ከኋላ ወደ ፊትም አስጠንተዋቸዋል። ከሀሁ ሌላ አቡጊዳውንም ያውቁታል። ሌላው ሰው ፊደልን ለመጻፊያ ይማረዋል፤ እሳቸው ለመደበቂያም ተማሩት። ቃል ሰውረው መጻፍ፣ የተሰወረ ቃል መፍታት፣ ከአሮጌ ጋዜጣ ላይ የአግድምና ቁልቁል ጨዋታ ቀድዶ በእስክሪብቶ መሙላት፣ ይህ ነበር ሱሳቸው። በእርሳስ አይሞሉም። «እርሳስ የሚይዝ ሰው ለመሳሳት ቀጠሮ የያዘ ነው» ይሉ ነበር። መነጽራቸውን በጠመኔ በነጣ ጣታቸው ወደ ላይ ሲገፉት አፍንጫቸው ላይ ነጭ ነጥብ ትቀራለች፤ ቀኑን ሙሉ ይዘዋት ይውላሉ፣ ማንም ደፍሮ አይነግራቸውም።

እኔ አዲስ የአማርኛ መምህር ሆኜ ስመደብ፣ በመጀመሪያው ሰኞ የመምህራን ማረፊያ ሰሌዳ ላይ እንዲህ የሚል ተጽፎ አገኘሁ፦

ቃድ ተጃቶ — ለፈታው ይቀርብለታል።

መምህራኑ ዙሪያውን ቆመዋል። እኔ አዲስ ነኝ፣ ወጣት ነኝ፣ በዚያ ላይ የአማርኛ ምሩቅ ነኝ። ዝም ማለት የሚባል ነገር አልተፈጠረብኝም።

«ይህማ ጥንታዊ አማርኛ ነው» አልሁ። «‹ተጃቶ› ተደራጊ ግሥ ነው። ሥሩ ‹ጃተ› ይሆናል። ‹ቃድ› ደግሞ ቃል ኪዳን ከሚለው ጋር ዝምድና አለው። ስለዚህ ‹ቃል ኪዳን ፈርሶ› እንደ ማለት ነው።»

ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ አዳመጠኝ። ጸጥታውን አክብሮት መስሎኝ ስለ ግሡ እርባታ ጥቂት ጨመርሁ። ጥግ ላይ አንዲት ደልደል ያሉ፣ ነጠላ ያጣፉ ሴት ቆሎ አንድ አንድ ፍሬ እየቆረጠሙ ያዩኛል።

«እርባታውን ድገምልኝ እስቲ፣ ልጄ» አሉኝ።

ደገምሁላቸው። ያን ጊዜ ነው ክፍሉ በሳቅ የፈረሰው። ለካስ ነገሩ እያንዳንዱን ፊደል በሚቀጥለው ጎረቤቱ መተካት ብቻ ነው፤ ‹ሸ› የ‹ቀ›ን ቤት ይይዛል፣ ‹በ› የ‹ተ›ን፣ ‹ደ› የ‹ጀ›ን። የተጻፈው «ሻይ በዳቦ» ነበር። የፈታው የፊዚክስ መምህር ከፊት ለፊቴ ሻዩን እየጠጣ፣ ዳቦውን እየገመጠ ንግግሬን ሲያዳምጥ ቆይቷል።

እትዬ የውብዳር ተነሥተው ወጡና ከክበቡ አንድ ዳቦ ይዘው ተመለሱ። እጄ ላይ አኖሩልኝ።

«በል፣ ጃቶህን ብላ» አሉኝ።

ትውውቃችን እንዲህ ጀመረ። ከዚያ ወዲያ ሰኞ በመጣ ቁጥር ሰሌዳው ላይ አዲስ ነገር ይወጣል። በኋላ የመምህራን ቴሌግራም ሲመጣ እዚያ ላይ ይለጥፉት ነበር፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ወደ ሰሌዳቸው ይመለሳሉ። ጎበዞቹ ከሻይ እረፍት በፊት ይፈቱታል። እኔ እስከ ሐሙስ ይዤው እዞራለሁ። ምሳ ስበላ፣ ፈተና ስፈትን፣ በባጃጅ ስሄድ በቃሌ እለዋለሁ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እሳቸው አጠገቤ ይቀመጡና «የት ደረስህ?» ይሉኛል። ያልደረስሁበትን አሳያቸዋለሁ። «አትገምት፤ ቁጠር» ይሉኛል። ይህን የማይሉበት ሳምንት አልነበረም። እኔም ሁልጊዜ እሺ እላለሁ፣ ሁልጊዜም እገምታለሁ።

አንድ ጊዜ ልበቀላቸው ተነሣሁ። የራሴን ምሥጢር ጽሕፈት ፈጠርሁ፤ ፊደሎቹን እንደ ባቄላ ዘርቼ፣ ያለ ምንም ሥርዓት አንዱን በሌላው ተክቼ፣ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍሁና ሰጠኋቸው። «ይህን ይፍቱ እስቲ» አልሁ፣ ደረቴን ነፍቼ። በማግሥቱ መለሱልኝ።

«ፈታሁት» አሉ። «ትክክል መሆኑን ከቁልፉ ጋር አስተያየው።»

ቁልፉን የጻፍሁበት ወረቀት ከሱሪዬ ጋር ታጥቦ ነበር። እኔም አንዱንም አላስታውሰውም። ራሴ የጻፍሁትን ራሴ ማንበብ አልቻልሁም።

«ምን ይላል?» አልኋቸው።

መነጽራቸውን ገፉ። «መጀመሪያው ደኅና ነው። መጨረሻው ላይ ግን ‹በዚህ ትምህርት ቤት እውነተኛው ሊጥ እኔ ነኝ› ይላል። ‹ሊቅ› ልትል ፈልገህ ይመስለኛል። አንዷን ፊደል ተሳስተሃል።»

ያን ዓመት ሙሉ ሊጡ ይርጋ እየተባልሁ ከረምሁ። የግቢው ዘበኛ ሳይቀር «ደኅና አደሩ፣ መምህር ሊጥ» ይለኝ ነበር፤ እሱ እንኳ የአባቴ ስም መስሎት በክብር ነው።

ከሁሉም አብልጠን የምንጫወተው ግን የስብሰባውን ነበር። ፊደልን ቆጥረው በእስክሪብቶ ጠረጴዛ ይመታሉ። ሀ አንደኛ ቤት ነው፣ ለ ሁለተኛ፣ ሐ ሦስተኛ፣ መ አራተኛ፣ እያለ ይሄዳል። መጀመሪያ ቤቱን ይመታሉ፤ ትንሽ ዐረፍ ይሉና ደግሞ በዚያ ቤት ውስጥ ስንተኛው እንደ ሆነ ይመታሉ፤ ግዕዙ አንድ፣ ካዕቡ ሁለት፣ ሣልሱ ሦስት። ስብሰባ ረዥም ነው፣ ጊዜ ሞልቷል።

አንድ ቀን ርእሰ መምህሩ ስለ ግቢው አጥር እየተናገሩ ነው። አጥሩን የሚያሠራ ኮሚቴ ሰብሳቢ ያስፈልጋል፤ ዐይናቸው ወደ እትዬ የውብዳር እየዞረ ነው። እሳቸው ይህ ገብቷቸው ወደ እኔ መምታት ጀመሩ። ሰባት፤ አራት። ‹ሳ›። ያዝሁት! ቀጠሉ። ከጎኔ የተቀመጠው፣ ከዞን የመጣው ባለ ትልቅ ጢም ሱፐርቫይዘርም የራሱን እስክሪብቶ ይመታል፤ የማን ምት የማን እንደ ሆነ ጠፋኝ። አራት፤ ስድስት ብዬ ያዝሁት። ‹ም›።

ሳም።

ቀና ብዬ አየኋቸው። ወደ እኔና ወደ ሱፐርቫይዘሩ በኩል አፍጥጠው በዐይናቸው «ቶሎ በል እንጂ» ይሉኛል።

«ማንን?» አልሁ፣ ሳላስበው ጮክ ብዬ።

ቤቱ ወደ እኔ ዞረ። ርእሰ መምህሩ ንግግራቸውን አቋረጡ። «አዎ፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው» አሉ። «ማንን እንምረጥ? ነገሩ ያሳሰበው መምህር ይርጋ ስለ ሆነ፣ እሱ ራሱ ይሁን።»

ተጨበጨበልኝ። የአጥር ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆንሁ።

ስንወጣ እትዬ የውብዳር ግድግዳ ተደግፈው በነጠላቸው ዕንባቸውን ይጠርጋሉ። «‹ሳል› ነው ያልሁህ! ሳልህን ሰምተው ቢያቋርጡ እኔ ተነሥቼ ልወጣ ነበር። አንተ ግን…» ሳቁ አላስጨርስ አላቸው። «ለመሆኑ ያን ጢም ልትስመው ነበር?»

እውነቱን ለመናገር ትንሽ አስቤበት ነበር። እትዬ የውብዳር ያዘዙኝን ነገር ምክንያቱን ሳላውቅ የማድረግ ልማድ ነበረኝ።

የታመሙት ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። የዓመቱን ማጠቃለያ ፈተና እያረሙ ሳለ ከወንበራቸው ተንሸራተቱ። ስትሮክ ነው ተባለ። ሆስፒታል ከርመው ሲመለሱ ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም፣ አፋቸው ወደ አንድ ወገን ተጣሟል፣ የሚወጣቸው ድምፅም ቃል አይሆንም። «ኧ… ዋ… ኡኧ» ነው የሚሉት። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። አንዲቱ ልጃቸው ምሕረት ባሕር ዳር ነርስ ናት፤ ፈቃድ ወስዳ መጣች። ከእስቴም ታላቅ ወንድማቸው ቄስ አያሌው መጡ።

እኔ በሄድሁ ቁጥር አልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብዬ ድምፃቸውን አዳምጣለሁ። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ መቼም ሐሳብ የሚመጣልኝ መምጣት በማይገባው ጊዜ ነው። እትዬ የውብዳር በምሥጢር ጽሕፈት እየተናገሩ ቢሆንስ? አእምሯቸው ቤቱን አዛውሮት ቢሆንስ? ቤቴ ሄጄ ድምፃቸውን ጻፍሁ፤ ወደ ጎረቤት ቤት አዛወርሁት፣ ወደ ኋላ መለስሁት፣ በአቡጊዳ ገለበጥሁት። በመጨረሻ አንድ ቃል አገኘሁ። ሎሚ! እየሮጥሁ ገበያ ወጥቼ አንድ ፌስታል ሎሚ ገዛሁ።

«እናትሽ ሎሚ ነው የሚሉት!» አልኋት ምሕረትን፣ በሩ ላይ እያለከለክሁ።

ፌስታሉን አየችው፤ እኔን አየችኝ። «ጋሼ፣ ሕመም ነው እኮ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ምላሷ አልታዘዝ ብሏት ነው። ምሥጢር አይደለም።»

ሎሚውን ኮመዲናው ላይ አኖርሁት። እትዬ የውብዳር ፌስታሉን አዩት፣ ከዚያ እኔን በደኅናው ዐይናቸው ለረዥም ጊዜ አዩኝ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ያልቆጠረ ሰው የሚታይበት ነው። እኔ ግን ሕመም ነው ብዬ አለፍሁት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ስሄድ ምሕረትና ቄስ አያሌው ሲከራከሩ ደረስሁ። ሁለቱም ያለቀሱ ይመስላሉ። እትዬ የውብዳር በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው ያልተበላ ገንፎ በሳሕን፣ በግራ እጃቸው ማንኪያ።

«እስቴ እወስዳታለሁ» ይላሉ ቄስ አያሌው። «ጠበሉ አለ፣ ዘመድ አለ፣ አጽመ ርስቷ ነው። እዚህ ማን አላት?»

«አባባ፣ ሕክምና ያስፈልጋታል» ትላለች ምሕረት። «ባሕር ዳር ከእኔ ጋር ትሆናለች። ይህን ቤት ዘግተን ቁልፉን ለጎረቤት እንሰጣለን።»

«እሷ ብትጠየቅ አገሬን ነው የምትለው።»

«እሷማ አሁን…» ምሕረት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አሁን ምን ታውቃለች ብለው ነው፣ አባባ? የምንላትን የምትሰማም አይመስለኝ።»

ማንኪያው ሳሕኑን መታ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

«ውኃ ጠምቷታል» አሉ ቄስ አያሌው። ውኃ ቀረበላቸው። አልጠጡም። መልሰው መቱ።

«ሆዳቸውን ብርድ አግኝቷቸው ይሆናል» አልሁ እኔ፣ ዐዋቂ መስዬ፣ ጋቢ ደረብሁላቸው። ጋቢውን በግራ እጃቸው አሽቀንጥረው ጣሉትና ደግመው መቱ፤ አሁን በኃይል።

ምሕረት ልታባብላቸው ጎንበስ ስትል፣ ስንት ጊዜ እንደ መቱ ሳላስበው መቁጠሬን አወቅሁ። ሰባት። ዕረፍት። አንድ።

«ቆይ» አልሁ። «ዝም በሉ፤ ሁላችሁም ዝም በሉ!» ቄስ ላይ ስጮኽ የመጀመሪያዬ ነው።

አራት። ዕረፍት። አራት።

ጣቴን እያጠፍሁ ቆጠርሁ። አልገመትሁም። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ ቆጥሬ አላውቅም።

አንድ። ዕረፍት። ሁለት።

ማንኪያው ቆመ። እትዬ የውብዳር አዩኝ።

«ምንድን ነው?» አለች ምሕረት።

«ሰባተኛው ቤት ግዕዙ፣ ‹ሰ›» አልሁ። «አራተኛው ራብዑ፣ ‹ማ›። አንደኛው ካዕቡ…» ወደ እትዬ የውብዳር ዞርሁ። «‹ሁ›። ‹ሰማሁ› ነው የሚሉት።»

ምሕረት አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተደፍታ «እማዬ፣ እማዬ፣ አለሽ?» እያለች የታመመ እጃቸውን ትስም ጀመር። ቄስ አያሌው ጥምጥማቸውን አውልቀው ግድግዳ ግድግዳ ያያሉ፤ ትከሻቸው ይነቃነቃል።

ከጽሕፈት መሣሪያ መሸጫው የሕፃናት ፊደል ገበታ ገዝቼ የተመለስሁት በሩጫ ነው። ገበታውን ጭናቸው ላይ ስናኖርላቸው በግራ ጣታቸው፣ እየተንቀጠቀጡ፣ አንድ በአንድ ይጠቁሙልን ጀመር። ምሕረት ታነባለች።

«እ… ዚ… ሁ… ነ… ኝ።»

ዐረፍ አሉ። ደግሞ ቀጠሉ።

«እዚሁ እኖራለሁ።»

«ይቅር በይኝ፣ እህቴ» አሉ ቄስ አያሌው። «አፈር ስሆን ይቅር በይኝ። ሳንጠይቅሽ…»

ጣታቸው ለወንድማቸው መልስ ጠቆመ። «ጠበሉን እዚህ አምጣው።» ከዚያ ለልጃቸው፦ «ኪኒኑንም።» ሁለቱ አልቅሰው ሳቁ። እኔም አብሬ ልስቅ ስል ጣታቸው እንደ ገና ተነሣ፤ ወደ ኮመዲናው አመለከተና ወደ ገበታው ተመለሰ።

«ሎሚው ምንድን ነው?»

ነገርኋቸው። ምን ማድረግ እችላለሁ? በገበታው እንደ ነገሩኝ፣ ያን ቀን ለካ ብርድ ልብሱ ከእግራቸው ላይ ወድቆ፣ «አልብሱኝ» እያሉ ነበር። የእትዬ የውብዳርን ሳቅ ከሕመማቸው በኋላ መጀመሪያ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው፤ በግማሽ አፍ፣ ግን የራሳቸው ሳቅ።

ከዚያ በኋላ ዓመታት ኖሩ። ምሕረት ዝውውር ጠይቃ ንፋስ መውጫ ጤና ጣቢያ ገባች። ቄስ አያሌው ከእስቴ በየጊዜው ጠበሉን በጄሪካን ይዘው ይመጣሉ፣ ኪኒኑንም ራሳቸው እየቆጠሩ ይሰጧቸዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ለፈተና የሚዘጋጁ ተማሪዎች እቤታቸው ይሰበሰባሉ፤ እሳቸው ገበታው ላይ ይጠቁማሉ፣ አንዷ ተማሪ ጮክ ብላ ታነባለች፣ ሌላው ሰሌዳው ላይ ይሠራል። ድምፅ ያለን መምህራን ክፍል ውስጥ ተማሪ ይንጫጫብናል፤ እሳቸው ዘንድ ትንፋሽ አይሰማም።

እኔ ወደ አርብ ገበያ ተዛወርሁ። ንፋስ መውጫ ጉዳይ ባለኝ ቁጥር ጎራ እላለሁ፤ ጉዳይ ሳይኖረኝም ጉዳይ አበጃለሁ።

መጨረሻ ያየኋቸው ከማረፋቸው ከጥቂት ሳምንታት በፊት ነው። ደጃፍ ላይ፣ ነፋሱ በማያገኛቸው በግድግዳው ጥግ፣ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ከስተዋል። ገበታው ጭናቸው ላይ ነው፤ ላስቲኩ ጣታቸው በሚያዘወትርበት በኩል ተልጧል። ያዘጋጁልኝን አንድ ቃል ይዤ ስታገል ቆየሁና እንደ ወጉ ተሸነፍሁ። የአርብ ገበያው ሚኒባስ ሊወጣ ነው፤ ረዳቱ ከመንገዱ ማዶ ይጣራል። ጃኬቴን ለብሼ ተነሣሁ። ከዚያ ምን እንደ ነካኝ እንጃ፣ ሁልጊዜ የከነከነኝን ጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ ያ ሁሉ ብልህ መምህር እያለ እኔን ምን ብለው አስጠጉኝ? ይኸው አንድ እንኳ በወጉ አልፈታሁልዎ።»

ጣታቸው ገበታው ላይ ተነሣ። ጎ። በ። ዞ። ች።

«ጎበዝ ነህ ሊሉኝ ነው?» አልሁ ፈጥኜ።

ገበታውን በመዳፋቸው መቱት። አይደለም። ጣታቸው ቀስ እያለ፣ ከቤት ወደ ቤት እያዘገመ ቀጠለ፤ በየመካከሉ ማረፍ ነበረባቸው።

«ጎበዞች ፈትተው ይሄዳሉ።»

ትንፋሽ ወሰዱ። ረዳቱ ደግሞ ተጣራ። ዞር አላልሁም።

«አንተ ትቀመጣለህ።»

ለረዳቱ ሂዱ ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠሁት። ጃኬቴን አውልቄ እግራቸው ላይ ጣል አደረግሁ፤ ወንበሬን ወደ እሳቸው አስጠግቼ ተቀመጥሁ።